ውሃ የማይጠጣ ብሎኬት

ሶዶ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘመዴ ለጌታሁን፣

ባለህበት አገር ጤና ከአንተ አይራቅ፤ መውጣትህንም መግባትህንም አምላክ ይጠብቅልህ። እኔና ልጄ ሩታ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው።

ስትደውል አላናገረችኝም ብለህ እንዳትቀየመኝ። ስልክ ስይዝ ድምፄ አይታዘዘኝም። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልህ፤ ሩታ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። ከስምንተኛ ክፍል ካቆምኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ እጄ ቀስ ይላል። ይህችን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

የምጽፍልህ ስለ ግድግዳው ነው። የስፌት መኪናዬ ያለበት ክፍል ጨለማ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ከቤሌ መጥተህ ሁለት ዓመት እኛ ቤት ስትኖር የተኛኸው እዚያው ነው። የጎረቤት ቤት በክንድ ርቀት ስለቆመ መስኮት ቢከፈትለት የሚታየው የሰው ጓዳ ነው። ባሮክ ሐዋሳ አንድ ሆቴል ሲሠራ የመስታወት ብሎኬት አይቶ መጣና፣ «እማዬ፣ ብርሃን ይገባልሻል፣ ሰው ግን አያይሽም» አለኝ። ግድግዳውን ከፈተ፤ ከላይ ቢም አሰረ፤ ከጃዕፈር ሱቅ ሰማንያ ብሎኬት ገዛ። ሦስት ረድፍ ከቆመ በኋላ አረካ ሥራ አገኘና ተቋረጠ። «ማንም እንዳይነካው» ብሎኝ ነበር። ኅዳር ዘጠኝ ከአረካ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። የቀረውን ታውቀዋለህ።

አሁን ከሦስቱ ረድፍ በላይ ያለው ክፍት ቦታ በሸራ ተሸፍኗል። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ግድግዳው እንዲያልቅ እፈልጋለሁ። ሌላ የተመኘሁት ነገር የለም። ግንበኛውን ብሩን ጠራሁት። ቱንቢውን ጣለበት፤ ውሃ ልኩን አስቀመጠበት፤ ከዚያ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ።

«እህቴ፣ ይህ ግድግዳ ሆድ አውጥቷል። ከታችኛው ረድፍ በቀር ሁለቱ ይፍረሱ» አለኝ።

«የልጄ እጅ ነው» አልኩት።

«ነፍሱን ይማረው። ቱንቢ ግን ለቅሶ አያውቅም» አለኝ።

አስወጣሁት። በኋላ ደግሞ አፈርኩ፤ ክፉ ሰው አይደለም።

አንተ ከባሮክ ጋር ሦስት ዓመት ሠርተሃል፤ እሱ የሚያውቀውን ታውቃለህ። እንግዲህ ልጠይቅህ፤ ሁለቱ ረድፎች ሳይፈርሱ ሌላው ሰባት ረድፍ በላያቸው ቢቆም ይችላሉ? ይችላሉ ካልከኝ ብሩን እለምነዋለሁ። አይችሉም ካልከኝም ንገረኝ።

ዘመድህ ዓመለወርቅ


ጆሃንስበርግ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዓመለወርቅ፣

እንደምን ሰነበቱ? እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥዎ፤ ለሩታም እንደዚሁ። እርስዎ በእጅዎ ስለጻፉልኝ እኔም በእጄ ጻፍኩ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

ባሮክን በስም ጠርቼ ልጽፍ ስል ብዕሩ ይቆምብኛል። ለቀብሩ አልደረስኩም፤ በሠልስቱም በአርባውም አልነበርኩም። ይህን እርስዎ አላነሱብኝም። እኔ ግን አልረሳውም።

ስለ ግድግዳው፣ ሳላይ ምንም ማለት አልችልም። ሩታ ከፊት ለፊት ቆማ ፎቶ ታንሳልኝ። ሲባጎ ከዳር እስከ ዳር ወጥራችሁ አንሱት፣ ያኔ ጠማማው ይለያል። የመስታወት ብሎኬት እንደ ሲሚንቶው ብሎኬት አይደለም። ስፋቱ አሥራ ዘጠኝ ሴንቲ ነው፤ ከመጋጠሚያው ጋር ሃያ ይሆናል። ስለዚህ በብሎኬትና በብሎኬት መሃል አንድ ሴንቲ ነው የሚተወው፤ ሳይበልጥ ሳያንስ። ባሮክ «አንዱ ከሳተ ሁሉም ይስታል» ይል ነበር።

በዓሉን በሰላም ያድርስዎ።

ልጅዎ ጌታሁን


ሶዶ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘመዴ ለጌታሁን፣

ትንሣኤውን ያየን ለከርሞውም ያድርሰን፤ ያላዩትንም በቀኙ ያቁምልን። ፎቶዎቹን ሩታ ልካልሃለች። ፎቶውን ስላላመንኩት ደግሞ እኔው በልብስ መለኪያ ሜትሬ ለካሁት። እንግዲህ የሰው ደረትና ወገብ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግድግዳ ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም።

የታችኛው ረድፍ ስምንት ብሎኬት፣ ሰባት መጋጠሚያ አለው። ሰባቱም አንድ አንድ ሴንቲ ናቸው። በክር የተሰፋ ይመስላል። ሁለተኛው ላይ ስደርስ አንዱ ግማሽ ሴንቲ፣ ቀጥሎ ያለው አንድ ተኩል ሆነ። ሦስተኛው ደግሞ መሃሉ ላይ ወደ ውጭ ሸሽቷል። ከታች ያለው መጋጠሚያና ከላይ ያለው አይገናኙም።

ጌታሁን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። አንደኛውን ረድፍ እንደዚያ የደረደረ ልጅ ሁለተኛውን እንዴት እንዲህ ሊሠራው ቻለ? ታሞ ነበር? ዓይኑ ደክሞ ነበር? የሚያስጨንቀው ነገር ኖሮ ከእኔ ደብቆ ነበር? ያን ሰሞን ራት ላይ ዝም ይል እንደነበር ትዝ ይለኛል። እኔ ደግሞ የተማሪዎች ዩኒፎርም ይዞኝ ነበር፤ ቀና ብዬ አላየሁትም። ልጄ ያመመውን በግድግዳ ላይ ጽፎልኝ እኔ አላነበብኩትም እላለሁ።

ሌላ አንድ ነገር። ከመሣሪያው ጋር የዱቄት ወተት ጣሳ አግኝቻለሁ፤ በጣት ቁመት የተቆረጠ ፌሮ ሞልቶበታል። ብሩ ቁርጥራጭ ነው ይጣል አለኝ። ባሮክ ግን አንድ በአንድ በሞረድ አለስልሶታል። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?

ዓመለወርቅ


ጆሃንስበርግ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዓመለወርቅ፣

ሰላምና ጤና ለቤትዎ ይሁን። ፎቶውን አየሁት። ደጋግሜ አየሁት።

ጣሳውን እንዳይጥሉት። አሥር ቁጥር ፌሮ ነው፤ ውፍረቱ ልክ አንድ ሴንቲ ነው። እዚህ አገር በብሎኬቶቹ መሃል የሚገባ የላስቲክ መስቀል ይሸጣል፤ ሶዶ ግን ስላልተገኘ ባሮክ ፌሮ ቆርጦ አዘጋጀ። ብሎኬቱ ሲደረደር ቁርጥራጩ በመሃል ይገባል፤ ቡኮው፣ የተቦካው ሲሚንቶ፣ ያዝ ሲያደርግ ይወጣና ቀዳዳው ይደፈናል። የታችኛው ረድፍ የተስተካከለው በእነሱ ነው።

ለብሩ የሚከተለውን ይንገሩልኝ፤ እንዳይቆጣም በእርስዎ አፍ ይሁን። እንደ ሌላው ብሎኬት አያቆላልፍ፤ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ቀጥ ብሎ ይውጣ። በየሁለት ረድፉ ቀጭን ፌሮ አግድም ያስተኛ። በአንድ ቀን ከሦስት ረድፍ አይለፍ። ከላይ ከቢሙ ሥርና ከሁለቱ ጎን የጣት ክፍተት ይተው፣ በስፖንጅም ይሙላው እንጂ በቡኮ አይወጥረው። ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል፤ መላወሻ ካጣ ይሰነጠቃል። ከሁሉም በላይ ብሎኬቱን ውሃ አያጠጣው። የሲሚንቶው ብሎኬት ይጠማል፣ ካልጠጣ የቡኮውን ውሃ ይመጥጣል። መስታወት አይጠማም። ውሃ ከነካው ቡኮው ላይ ይንሳፈፋል፤ ሲደርቅ እንደተንሳፈፈ ይቀራል። ቡኮውም ደረቅ ያለ ይሁን።

ባሮክ አልታመመም ነበር። ስለዚህ አይጨነቁ። ሁለቱን ረድፍ ያስፈርሱ። አዲስ ብሎኬት መግዣ እልካለሁ፤ ሁሉም በአዲስ ይሠራ።

ጌታሁን


ሶዶ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጌታሁን፣

ሰላምህ ይብዛ። የጻፍከውን ለብሩ አነበብኩለት። ፌሮው ላይ እስክደርስ ራሱን ነቀነቀ። «ውሃ አያጠጣው» ስል ተነሥቶ ቆመ።

«እኔ ብሎኬት ሳጠጣ ይህ ልጅ ጡት አልጣለም። ሳይጠጣ የተሠራ ግድግዳ በየትኛው አገር ቆመ?» አለኝ።

«መስታወት አይጠማም ይልሃል» አልኩት።

«ማን ነገረው? ብሎኬቱ?»

ከለቅሶው ወዲህ ሩታ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ገንዘብ አትላክ፤ አልጠየቅኩህም። አዲስ ብሎኬትም አልፈልግም። ክረምቱ ገብቷል፤ ዝናቡ ሸራውን ሲመታው ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጄን አስደግፌ እቀመጣለሁ። ቀዝቃዛ ነው፤ ግን እጁ ያረፈበት ነው። ከማፍረስ በጨለማ መስፋት ይሻለኛል ብያለሁ። ክር በመርፌ ለማስገባት ደጃፍ መውጣት ለምጄዋለሁ።

አንድ ነገር ግን መልስልኝ። «ባሮክ አልታመመም ነበር» ያልከው ከምን አውቀህ ነው? እናቱ ያላወቀችውን አንተ እንዴት አወቅህ? ልታጽናናኝ ብለህ ከሆነ አላጽናናህኝም። የምታውቀው ካለ ግን የልጄን ነገር ለማን ብለህ ትደብቀኛለህ?

ዓመለወርቅ


ጆሃንስበርግ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓመለወርቅ፣

የፍልሰታን ጾም በሰላም ያስፈጽምዎ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

አልታመመም ነበር ያልኩት ሁለቱን ረድፍ የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ነው።

የታችኛው ረድፍ የባሮክ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው የእኔ ናቸው። አምና ሚያዝያ፣ ወደ ሞያሌ የምሄድበት ዋዜማ ነበር። እርስዎና ሩታ ለልቅሶ ሁምቦ ሄዳችሁ ነበር፤ ባሮክ አሸዋ ሊያመጣ ወጣ። ሲወጣ ጣሳውን አጠገቤ አስቀመጠና «በእነዚህ ሥራ፤ ባልዲዋንም እንዳትነካ» አለኝ። እኔ ደግሞ ለእርስዎ የእጄን ሥራ ትቼ ልሂድ፣ ስመለስ አየዋለሁ ብዬ ቸኮልኩ። ፌሮውን አውጥቶ ማስገባት ጊዜ ፈጀብኝ፤ ዓይኔ ይበቃኛል አልኩ። ባልዲዋንም ነካሁ። እትዬ፣ አስቤ አይደለም። ብሎኬት ባነሣሁ ቁጥር እጄ ራሱ ወደ ውሃው ይሄዳል። ሦስት ዓመት የሠራሁት እንደዚያ ነው። ሁለተኛው ረድፍ መንሸራተት ሲጀምር በመዳፌ ገፋሁት። ሦስተኛውን ጫንኩበትና ይረጋል ብዬ ተውኩት።

ባሮክ ሲመሽ መጣ። አየው፤ ጎንበስ ብሎም አየው። ከዚያ «ሰውዬ፣ ግድግዳህ ቀድሞህ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ነው» አለኝ። ጠዋት ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ሸኘኝ።

እርስዎ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሲልኩ የባሮክ እጅ ነው ብለው እንደሚጠብቁት አነበብኩ። ከቀሩልዎ ሦስት ረድፎች ሁለቱን እንዴት ልውሰድብዎ? ዝም ብል ይሻላል አልኩ። በኋላ ታሞ ነበር ወይ ብለው ራስዎን መክሰስ ሲጀምሩ ዝም ማለቴ መጽናኛ እንዳልሆነ ገባኝ። ያም ሆኖ በሰኔው ደብዳቤ አልደፈርኩም።

የቀረውንም ልናገር። እዚህ ግንበኛ አይደለሁም። በሰው ሱቅ ውስጥ በብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። የግንበኛ ማንኪያ ከያዝኩ ዓመት አልፎኛል። ባሮክ ባለፈው ጥቅምት ሁለት ጊዜ ደወለልኝ፤ ሁለቱንም አላነሣሁም። ስለ ግድግዳው ሊቆጣኝ ነው፣ ስለ ሥራዬም ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ከዚያ ኅዳር መጣ።

ያፍርሱት እትዬ። እጄ ነው፤ የእሱ አይደለም።

ጌታሁን


ጆሃንስበርግ፣ መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓመለወርቅ፣

ጊፋታንም መስቀልንም በሰላም እንዳሳለፋችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤዬ እንደደረሰዎት ሩታ ነግራኛለች፤ ሌላ ነገር አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። መልስ እንዲጽፉልኝ አልለምንም። ጤናዎን ብቻ ሩታ በአንድ ቃል ትላክልኝ።

ጌታሁን


ሶዶ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌታሁን፣

እንጀራህን የሰጠህ አምላክ እንቅልፍህንም ይስጥህ፤ በብረት ፍርግርጉ ጀርባም ይጠብቅህ። ሦስት ወር ዝም አልኩህ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ሳልነግርህ ሌላውን ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

በግድግዳው አልተቆጣሁም። ስልኩን ባለማንሣትህ ነው። ያን ያነበብኩ ቀን ወረቀቱን አጥፌ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ከተትኩትና ለሩታ «እንዳትመልሺለት» አልኳት። ልጄ ሁለት ጊዜ የጠራው ሰው አልሰማውም እያልኩ ስንት ቀን ከረምኩ። መስፋት አቃተኝ። የሰው ዩኒፎርም አንድ እጅጌ ተሰፍቶ አንዱ ቀርቶ ተሰቅሎ ነበር።

ከመስቀል በኋላ ብሩ ራሱ መጣ። «ዝናቡ አባርቷል። ታፈርሺዋለሽ ወይስ ሌላ ክረምት ታለቅሺበታለሽ?» አለኝ። የማን ሥራ እንደሆነ ነገርኩት። «ታዲያ የዚያን ሰነፍ ሥራ ነው ዓመት ሙሉ የታቀፍሽው?» አለኝ። ሳቅኩ ጌታሁን። ይቅር በለኝ፤ ሳቅኩብህ።

ሦስተኛውን ረድፍ በስስ መጋዝና በመሮ አወጣነው። ብሎኬት ሲወጣ እየተቀበልኩ ቡኮውን ፋቅኩ፣ በጨርቅም ወለወልኩ። ወደ ሁለተኛው ስንደርስ ብሩ እጁን አቆመ። «ነይ ወዲህ» አለኝ። በጎረቤት በኩል ያለውን ጀርባውን ነው ያሳየኝ። እዚያ ሰው አይደርስም፤ በጎን ተሸጉጠው ካልገቡ አይታይም። ከብሎኬቶቹ ሥር፣ መሃሉ ወደ ውጭ በሸሸበት ቦታ፣ የባሮክ ፌሮ ቁርጥራጮች ተሰክተዋል። በላያቸውም ሌላ ቡኮ ተሞልቷል። ቀለሙ ከፊተኛው ይለያል።

«ይህ በኋላ የተደረገ ነው። አንድ ሰው እንዳይወድቅ ደግፎታል» አለ ብሩ።

ቡኮው በጣት ነው የተስተካከለው። ባሮክ ሰባት ዓመቱ ሳለ ሸንኮራ ሲቆርጥ የግራ አውራ ጣቱን ጫፍ ሰንጥቆት ነበር፤ ታስታውሰው ይሆናል። ድኖም መሃሉ ላይ እንደ ክር ያለ ስንጥቅ ቀርቶበታል። ያ ክር በየመጋጠሚያው መሃል አለ። ከዳር እስከ ዳር አለ። አንተ ከሄድክ በኋላ በዚያች ጠባብ ቦታ በጎኑ ገብቶ፣ በግራ እጁ፣ የአንተን ግድግዳ ደግፏል።

እኔ ከፊት ተቀምጬ የእሱ ያልሆነውን ዳብሼ ኖሬያለሁ፤ የእሱ የሆነው ከኋላ ነበር።

ብሩ «እናቁም?» አለኝ። መሮውንም መሬት አስቀመጠ። ሦስተኛው ረድፍ ወርዷል፤ ከሁለተኛውም ሁለት ብሎኬት ወጥቷል። ደጃፍ ወጥቼ ቆየሁ። ያሰብኩት ይህን ነው። ባሮክ ልክ የሆነ ቢመስለው አይደግፈውም ነበር። ማፍረስም ያውቅበታል፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው። «ማንም እንዳይነካው» ያለኝ ግድግዳውን ወዶት አይደለም። ስህተትህን ሰው እንዳያይብህ፣ አንተው መጥተህ እስክታቃናው ድረስ እንዲቆይልህ ነው። ለምን እንደደወለልህ አላውቅም፤ እንግዲህ አንተም እኔም አናውቅም። የተቆጣ ሰው ግን በጎኑ ተሸጉጦ አይደግፍም። ይህን ያህሉን አውቃለሁ።

ተመልሼ ገባሁና «አውርደው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ አስቸጋሪ የሆነው ብሩ ነው። ፌሮውን እሺ አለ፣ ሲባጎውንም ወጠረ፤ እጁ ግን እንደ አንተው ወደ ባልዲው ይሄዳል። አንዴ «ብሩ!» አልኩት። «አልነካሁም፣ እያየሁት ነው» አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ባልዲውን ወስጄ ከስፌት መኪናው ሥር ደበቅኩት። «በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ባልዲ የደበቀብኝ ሰው የለም» እያለ ቀኑን ሙሉ አጉረመረመ። እኔ በእያንዳንዱ ረድፍ ሜትሬን ይዤ መጋጠሚያ እለካለሁ፤ አንድ ሴንቲ ያልሞላውን አሳየዋለሁ፤ ያስተካክላል። በቀን ከሦስት ረድፍ አላለፍንም። ከቢሙ ሥር የጣት ክፍተት ትተን በስፖንጅ ሞላነው። እሱን ሲሞላ «የጻፈው ልጅ ሰነፍ ቢሆንም ውሸታም አይደለም» ብሎሃል። ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው።

ስናፈርስ ሦስት ብሎኬት ተሰብሮብን ነበር። ጃዕፈር ዘንድ ሄድኩ፤ የእኛ ዓይነቱ አልቆበታል። ለናሙና መደርደሪያ ላይ ያስቀመጣቸውን ሦስት አወረደልኝ፤ ውስጣቸው ያለው መስመር ወንዝ ይመስል የሚታጠፍ ነው። ዋጋ ስጠይቀው «ተዪኝ እትዬ፤ ባሮክ ከዚህ ሱቅ ሻይ ሳይጠጣ የወጣበት ቀን የለም። አላህ ይማረው» አለኝ። ሦስቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ገብተዋል፤ የአንተ የነበረው ላይ። ከሌላው አይመሳሰሉም። እንዲመሳሰሉም አልፈለግኩም።

ኅዳር ዘጠኝ ሙት ዓመቱ ሆነ። ካህናቱ ጸሎት አደረሱ፤ ዘመድ ከቤሌም መጣ፤ አባትህ ነበሩ፣ ደህና ናቸው። ሰው ሲበዛ ያን ክፍልም ከፈትነው። ሰዎቹ በልተው ሲወጡ እኔ እዚያው ቀረሁ። ከሰዓት ነበር። ያንን የተሰቀለውን ዩኒፎርም አወረድኩና ክር በመርፌ አስገባሁ፤ ደጃፍ ሳልወጣ። በመጀመሪያ ሙከራ ገባ። ሁለተኛውን እጅጌ ሰፍቼ ጨረስኩ።

የታችኛው ረድፍ እንዳለ ነው። አልነካነውም።

ከጀርባው ከተፋቀው ቡኮ የጣቱ ምልክት ያለበትን ሁለት ቁራጭ ሳይሰበር አወጣሁ። የጣት ቁመት ያህላሉ። አንዱን እኔ አስቀምጫለሁ። ሁለተኛውን ለጃዕፈር የእህት ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያ አገር ይመጣል፤ ቁጥርህን ሩታ ሰጥታዋለች። ሲደውልልህ አንሣ። በዩኒፎርም ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። በቀስታ ያዘው፤ በሲሚንቶ ቢሠራም ስስ ነው፤ ዳሩ ይፈረፈራል። ውሃም እንዳታስነካው።

እናትህ ዓመለወርቅ